ልጄ እኛን እያስተማረች የተፈተነችበት ቀን

ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበርነውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ አለ፤ የስፌት መኪናውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተቀምጧል። ታላቅ እህቴ አለች፤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው መንደሯ በጠዋት ተነሥታ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ የደረሰች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በአውንጊ ነው። የንስሐ አባታችን አሉ፤ ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ መጥተው ደህናው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂው አለ፤ የተጠራው ለስልኩ ነው፤ በሰፈራችን ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚይዝለት እሱ ብቻ ነው። እኔ አለሁ። ልጄ አለች፤ ከሁላችን ፊት ለፊት ቆማለች። ከስልኩ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰዎች ያዩናል፤ መነጽር ያደረገች ሴትዮና ከጎኗ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ወጣት። ሴትዮዋ ቬትናም በሚባል አገር የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት።

እኛ ተማሪዎች ነበርን። ዳይሬክተሯ ልጄን ለእንግሊዝኛ መምህርነት ከመቅጠሯ በፊት ስታስተምር ማየት ፈልጋለች፤ ያውም እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች። ልጄ ይህን ስትነግረን ባለቤቴ ሳቀ።

«እንግሊዝኛ የማያውቅ ከፈለጉ ትክክለኛው ቤት መጥተዋል» አለ።

እኔ አልሳቅሁም። እኔ በዚያ ቀን የተቀመጥኩት ለመማር አልነበረም። ልጄን ልልካት ወይስ ላስቀራት የሚለውን ለመወሰን ነበር። ስምምነታችን እንደዚያ ነው። ሳልመርቃት እንደማትሄድ ነግሬያታለሁ፤ እሷም «እሺ እማ፣ ፈተናው ላይ ተቀምጠሽ ሰዎቹን እያቸው። ልብሽ እንቢ ካለ እቀራለሁ» ብላኛለች። ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት፤ ብታጥፍ ኖሮ ጥፋቱ የሷ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን የሚሆነው ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ነው።

ልጄ እንግሊዝኛ በዩኒቨርሲቲ ተምራ ዲግሪ ይዛ ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር ቆይታለች። ዓርብ ዓርብ መንገዱ ሰላም ከሆነ ወደ ቤታችን፣ ወደ እንጅባራ ትመጣለች፤ ካልሆነ እዚያው ትውላለች። በኋላ ትምህርት ቤቱ አንድ ወር ከፍቶ ሁለት ወር መዝጋት ጀመረ። እሷም ጠመኔ ይዛ ከመቀመጥ ብላ ቤት ገባች። ዳታ ሲለቀቅ ስልኳ ላይ ተደፍታ ሥራ መፈለግ ያዘች። በዓለም ላይ የእንግሊዝኛ መምህር የሚፈልግ አገር ብዙ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የእነዚያ አገሮች ልጆች የእኛን ልጆች ያህል ያልተማሩ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን «የለም፣ የተማሩ ናቸው፤ ቋንቋው ነው የቸገራቸው» አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ የምታነብልኝ ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የእነዚህ የእነዚህ አገሮች ፓስፖርት ያለው ብቻ ያመልክት ይላል። አገሮቹ እንግሊዝኛን በእናት ጡት የሚጠቡባቸው ናቸው።

«ዲግሪስ አይሉም?» አልኳት።

«ዲግሪ ይላሉ፤ ግን ምንም ዲግሪ ይሁን። የግብርና ቢሆንም ይቀበላሉ።»

«የእንግሊዝኛ ሳይሆን?»

«ፓስፖርቱ ካለ አዎ።»

«እና አንቺ የተማርሽው?»

 ባለቤቴ መርፌ ላይ ክር እያስገባ «እንግዲህ እናትሽን ለምን እዚያ አልወለድሽኝም ብለሽ ክሰሻት» አላት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እኔ አውንጊን በእናቴ ጡት ጠብቻለሁ። አንድ ሰው መጥቶ አስተምሪኝ ቢለኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። አማርኛን ግን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ አራተኛ ክፍል ድረስ። ያስተማሩን መምህር የእኛው አገር ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው አማርኛ የማያውቁ ነበሩ። የት እንደምንሰናከል ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር። እኛ ገና አፋችንን ስንከፍት «እዚህ ጋ ቀስ በይ» ይሉናል። ከሌላ አገር የመጡት መምህር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሲተኩ፣ የተሳሳተውን ይቆጡ ነበር እንጂ ለምን እንደተሳሳተ አያውቁም ነበር። ይህን ለልጄ ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ የማስተማር ኮርስ በስልኳ ተማረች። እንግሊዝኛን ለውጭ ሰው እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚያሳይ ነው፤ ፈተና አለው፣ የምስክር ወረቀት አለው። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ፍለጋ በዝናብ ትሮጣለች። ፓስፖርት ሳይሆን ትምህርትና ልምድ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችን እየለየች ጻፈች። ብዙዎቹ አልመለሱም። ይህቺ ሴትዮ መለሰች።

እኔን ያስፈራኝ መመለሷ ነው። ከሰፈራችን አንዲት ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ የተመለሰችው እጇ ተሰብሮ፣ ደህና ሳይታከም ገጥሞ ነው፤ ዛሬም እንስራ በአንድ እጇ ነው የምታነሣው። ወንዶቹን ደግሞ በዚያው በእስያ በኩል የኮምፒውተር ሥራ አለ ብለው ወስደው፣ ወንዝ አሻግረው፣ አጥር ውስጥ ዘግተው ሰው በስልክ እንዲያታልሉ ያስገድዷቸዋል ሲባል ሰምተናል። ቬትናም ስትለኝ ካርታ ላይ እንድታሳየኝ አደረግሁ። ለዚያ አጥር ቅርብ መሰለኝ። ጣቷን ዘርግታ «እማ፣ ይሄ ሁሉ መሬት በመካከል አለ» አለች። በካርታ ላይ ግን አንድ ጣት ነው።

ፈተናው የተጀመረው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ በስኳር ጣሳ አስደግፈን አቆምነው። መጀመሪያ ልጄን ብቻዋን ጠየቋት። እኛ እንግሊዝኛው ስለማይገባን ባጃጅ ነጂው በጆሯችን ያንሾካሹካል፤ እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።

«ምን ተማርሽ ነው የሚሏት... የት ተማርሽ... አሁን ደግሞ ስንት ዓመት አስተማርሽ...»

«አሁንስ?» አልኩት።

«ክፍልሽ ውስጥ ስንት ልጅ ነበር እያሉ ነው። ቁጥሩን ስትነግራቸው ደነገጡ።»

«አሁንስ?»

«መጽሐፍ ሳይኖር ምን ታደርጊ ነበር ነው። ... ይሄኛውን አልያዝኩትም። ... አሁን ከፖሊስ ማስረጃ ታመጫለሽ ወይ ነው። ወንጀል እንደሌለባት።» ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ጋሼ፣ እነዚህ ከትራፊክም ይብሳሉ! መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፤ ጎማውን ረግጠው ማየት ብቻ ነው የቀራቸው።»

«ዝም በል እንስማ» አለው ባለቤቴ፤ እሱም እንደኔ ምንም አይሰማም።

እኔ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፍርሃቴ ቀስ እያለ እየቀለለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያቺን እጇ የተሰበረ ልጅ የወሰዳት ደላላ ምንም አልጠየቃትም ነበር። ምን ታውቂያለሽ አላላትም፤ ማን አሳደገሽ አላላትም። ፓስፖርት አለሽ? ጤነኛ ነሽ? ይኸው ነው። ለክፉ የሚፈልግህ ሰው ምን እንደምታውቅ ደንታ የለውም። እነዚህ ግን ልጄን እየገለባበጡ ይመረምሯታል። ለልጆቻቸው ይሰጉላቸዋል። ለልጆቹ የሚሰጋ ሰው፣ አልኩ በልቤ፣ የሰው ልጅ ላይም ቶሎ አይጨክንም። ጥያቄያቸው በበዛ ቁጥር እኔ ወንበሬ ላይ ደህና አድርጌ መቀመጥ ቻልኩ።

ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ።

ልጄ ከቅርጫቴ ድንች አነሣች። ወደ ላይ ከፍ አድርጋ «ፖቴቶ» አለች። በእጇ ምልክት ሰጠችን፤ ሁላችንም አንድ ላይ «ፖቴቶ» አልን። ቢላዋ አነሣች፤ «ናይፍ» አልን። ሲኒ አነሣች፤ «ካፕ» አልን። አንድ ላይ ስንል ደስ ይላል፤ የሳተው በሌላው ድምፅ ውስጥ ይሸሸጋል። አባም በዝግታ ይሉ ነበር፤ ሜትሩን በአንገቱ የሰቀለው ባለቤቴማ እንደ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጓል። ከልጄ አፍ አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣም፤ እንደዚያ ነው ደንቡ። እኔ ልጄ ስታስተምር አይቼ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ የምትታወቀው በዝምታዋ ነው። እዚያ ላይ ግን ዓይኗ ሁላችንንም ይዟል።

ከዚያ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች። ድንቹን ይዛ እህቴ ፊት ቆመች።

«ዋት ኢዝ ዚስ?»

እህቴ ድንቹን አየች፤ ከዚያ ወደ አባ አየች። እኔም ወደ አባ አየሁ። አባ ገና ለብቻቸው አፋቸውን አልከፈቱም። የንስሐ አባት ባሉበት ቤት፣ እሳቸው ሳይናገሩ አንዲት የገጠር ሴት ቀድማ እንዴት ትናገራለች? እህቴ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፈነች። አባ በበኩላቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ ጥያቄው የእሷ ነው፤ የሰው ተራ መንጠቅ ለካህን አይገባም። ልጄ ትንሽ ጠበቀችና ወደ አባቷ ሄደች።

«ዋት ኢዝ ዚስ?»

ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ። «ኧረ ልጄ፣ አባ እያሉ!» አላት በሹክሹክታ።

ወደ ባጃጅ ነጂው ዞረች። እሱ መልሱን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ግን ከሁላችን የሚያንሰው እሱ ነው፤ ትልልቆቹ ዝም ብለው እሱ ቢመልስ ምን ይባላል? ጭንቅላቱን እያከከ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። ስልኩ ውስጥ ያለው ወጣት መጻፍ ጀመረ።

እውነቱን ልናገር፤ ጠዋት ስነሣ ብትወድቅልኝ ብዬ ነበር። ብትወድቅ እኔ መወሰን አይኖርብኝም፤ እሷም አትቀየመኝም። ያ ወጣት መጻፍ ሲጀምር ግን እንድትወድቅ መመኘቴ ጠፋ። ልጄ ስንት ዓመት የተማረችው፣ በዝናብ ቻርጅ ፍለጋ የሮጠችው፣ እኛ በመከባበር ዝም ስላልን ሊበላሽ ነው። ፖቴቶ ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ግን እኔም አባ ሳይናገሩ መናገር አቃተኝ። 

ልጄ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጥያቄውንም አልደገመችም። ድንቹን በሁለት እጇ ይዛ አባ ፊት ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ እንደ መስጠት አድርጋ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ቀስ ብላ «ዋት ኢዝ ዚስ» አለች፤ በእጇም ወደ እኛ አመለከተች። እርስዎ ይጠይቋቸው ማለቷ ነው።

አባ ድንቹን ገለባብጠው አዩት። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ድንቹን ከፍ አድርገው ያዙት፤ በዚያ ቅዳሴ በለመደው ድምፃቸው እየጎተቱ፣

«ዋት ኢዝ ዚስ?» አሉ።

«ፖቴቶ!» አልን ሁላችን፣ በቅዳሴ ላይ ተሰጥኦ እንደምንመልስ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የእህቴ ድምፅ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ቢላዋውን ጠየቁ፤ ሲኒውን ጠየቁ። ወደ ባጃጅ ነጂው ጣታቸውን ቀስረው «አንተ! ትንፍሽ አላልክም!» አሉት በአማርኛ፤ ደንቡ ፈረሰ። እሱ «ናይፍ፣ አባ!» ብሎ ብድግ አለ። እህቴን ብቻዋን ጠየቋት፤ ነጠላዋን ከአፏ አንሥታ «ካፕ» አለች፤ ራሷን በራሷ ሰምታ ሳቀች። አባ በመጨረሻ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ለልጄ አሳዩዋት።

«ይሄስ በእነሱ ምንድን ነው?»

«አባ፣ እሱን ገና አላስተማርኩም» አለች ልጄ፤ እሷም ደንቡን ረሳችው። ስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወጣቱም መጻፉን ትቷል።

ሴትዮዋ ስቃ ስትጨርስ ልጄን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ መለሰች፤ ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች፤ ልጄ እንደገና መለሰች። ባጃጅ ነጂው «ይሄ ፈጠነብኝ» ብሎ ተወው። ልጄ በኋላ እንዲህ ብላ ተረጎመችልን። ሴትዮዋ ለምን ድንቹን ለሽማግሌው ሰጠሻቸው አለቻት። ልጄም፣ በእኛ አገር ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ ዝም ማለታቸው አለማወቅ አይደለም፤ ስለዚህ ታላቁን ከእኔ ጎን ማቆም ነበረብኝ አለቻት። የት ተማርሽው አለቻት። ዳንግላ፣ አለች ልጄ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍሉ ሙሉ ዝም ሲለኝ የጠሉኝ መስሎኝ እያለቀስኩ ቤት እገባ ነበር። ልጆቹ እቤት አውንጊ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛ ሁለተኛቸው ነው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ጠዋት ጋሪ ነድቶ ከሰዓት የሚማር ትልቅ ልጅ ነበረ፤ ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው። እሱን አጋዤ ሳደርገው ክፍሉ ተከፈተ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች አለች ልጄ። የእኛም ልጆች እንደዚያ ናቸው አለቻት። ቋንቋው የራሳቸው ከሆነባቸው አገሮች ጥሩ ጥሩ መምህራን መጥተውልናል፤ አንዳንዶቹ ግን ልጆቹ ዝም ሲሉ ያልሰሟቸው መስሏቸው ይጮሁባቸዋል። ፓስፖርት ይሄን አያሳየኝም፤ ስለዚህ ነው ሰው ሲያስተምር ማየት የምፈልገው አለቻት።

ልጄ ማመስገን ጀመረች፤ ሊሰነባበቱ መሆኑ ገባኝ። ብድግ አልኩ።

«ቆዪ! እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

«እማ፣ ይሄ የሥራ ፈተና እኮ ነው፤ ነውር ነው።»

«እነሱ አንቺን ሲጠይቁ ነውር አልነበረም። ፓስፖርትሽ ማን ጋ ይቀመጣል በያት።»

«እማ!»

«በያት ልጄ» አሉ አባ። «እናት ናት።»

ልጄ ፊቷ ቀልቶ ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፤ እኔን ፈልጋ አገኘችኝ፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ለልጄ ሳይሆን ለእኔ ነበር፤ አንዲት ቃል ባይገባኝም። የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት ለጥቂት ጊዜ እንወስደዋለን፤ እንመልስላታለን፤ በእጇ ነው የሚሆነው፤ መጠየቅሽ ልክ ነው፤ ይህን ነው ያለችኝ።

«የት ነው የምትተኛው? ከማን ጋር? ማድ ቤቱን አሳዪኝ በያት።»

«ማድ ቤት ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አለ ባለቤቴ።

ማድ ቤት ብዙ ነገር ያደርጋል። ሰው የሚኖርበት ቤት ማድ ቤቱ ይናገራል። ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ ተነሣች። በኮሪደር ሄደች፤ ደረጃ ወረደች፤ ግቢ አቋረጠች። ዝናብ እዚያም ይዘንባል። በር አንኳኩታ ገባች። ጠባብ ማድ ቤት ነው። አንዲት አጭር ቁመት ያላት ልጅ ድስት እያጠበች ነበር፤ እሷም ከሌላ አገር የመጣች መምህር ናት አሉ። ድንገት ስታየን ደነገጠች፤ ከዚያ አረፋ በያዘ እጇ ሰላም አለችን። እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሁለት እጇ መልሳ ሰላም አለቻት። መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ የለውም፤ የበሩ ቁልፍ በውስጥ በኩል ነው። ድስቱ የተጨረማመተ አሮጌ ድስት ነው፤ ግን ንጹሕ። ይህን ሁሉ አየሁ።

ስልኩ ተዘጋ። አባ ድንቹን አሁንም በእጃቸው እንደያዙ ነበር።

«ልብሽ ምን አለ?» አሉኝ።

«ትሂድ» አልኩ። ገና ተቀብለናታል ሳይሉ።

ልጄ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ባለቤቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ዓይኑን ጠራረገበት፤ ከዚያም ባጃጅ ነጂውን «ከትራፊክ የምትብሰውስ እናትየዋ ናት፤ ጎማውን ረግጣ አየችላቸው እኮ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ድንቹን ከሌሎቹ ጋር ቀቅዬ በሚጥሚጣ በላነው።

መቀበሏን የነገሯት በሳምንቱ ነው። ከዚያ የዲግሪዋን ማስረጃ ማረጋገጥ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፤ አዲስ አበባ ሄዳ ተመልሳ፣ ደግማ ሄዳ። በየደጁ ስትቆም ድሮ ቢሆን እናደድ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ማኅተም አንድ ተጨማሪ ዘበኛ መሰለኝ። የሄደች ቀን በጠዋት አባ መረቋት፤ እኔም መረቅኋት። ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ ሲገባ ከኋላው መብራቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል የነበረውን ጊዜ አልጽፈውም። ስትደውል የመጀመሪያ ነገሯ «እማ፣ ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» የሚል ነበር። ያቺ አረፋ በእጇ ይዛ ሰላም ያለችን ልጅ ልትቀበላት ኤርፖርት መጥታ ነበር። አሁን ትንንሽ ልጆችን ታስተምራለች። ስልክ ስትደውል ከኋላዋ ይጮኻሉ፤ «ዝም የሚሉትን ምን አደረግሽ?» ስላት «አሁን ዝም ማሰኘቱ ነው የቸገረኝ» ትላለች። እኔም መተኛት ጀምሬያለሁ። ምግብ ይበላልኛል። ሰዎች ወፈርሽ ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ልጄ በቅርቡ ነው የነገረችኝ፤ እንዳልጨነቅ ብላ አቆይታው ነበር። አዲስ አበባ ኤርፖርት ስትጠብቅ አጠገቧ አንዲት ልጅ ተቀምጣ በአውንጊ ለራሷ ታወራ ነበር። ልጄ በአውንጊ ስታናግራት እጇን ይዛ አልለቅም አለቻት። ከእኛው አገር፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ ናት፤ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ትሄዳለች፤ የምትገባበትን በር ሰሌዳው ላይ ማንበብ አልቻለችም። ምን ጠየቁሽ፣ ማን ይቀበልሻል ስትላት ማንም ምንም እንዳልጠየቃት፣ የሚቀበላትንም እንደማታውቅ ነገረቻት። ልጄ እስከ በሯ አደረሰቻት። የእኛን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት፤ ልጅቱም የስንቅ በሶዋን ከፍላ ሰጠቻት። ልጅቱ እስካሁን አልደወለችም።

ስሟን ልጄ ነግራኛለች፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ቤተሰቦቿ ላይፈልጉ ይችላሉ። ቀጭን ናት፤ ጠይም ናት፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። ግምጃ ቤት አካባቢ ያላችሁ፣ ወይም እዚያው ዐረብ አገር ያላችሁ፣ እሷን የምታውቁ ካላችሁ ደህና መድረሷን ንገሩኝ። የት እንዳለችም ባይሆን፣ መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።